ያለምወርቅ በአንሶላ የመረጠችው የደሴት ቤት

እና እየሩስ እዚያው በሩ ላይ ቁማ፣ ጃንጥላዋን አንስታ፣ «ሰው አንሶላ ለማየት ነው እንዴ በአውሮፕላን እሚሄድ?» አለቻት እልሻለሁ። ያለምወርቅ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን ከልጇ ከመሳፍንት እጅ ተቀብላ፣ አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ፣ አንሶላውን ማየቷን ቀጠለች።

የት ሁነሽ ሰማሽ አትበይኝ። ቤቴ ነበርሁ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ጭቃው ደግሞ ካምና ክረምት ጀምሮ ተሰንጥቋል። አስመርጊው ይሉኛል። ምን አስቸኮለኝ።

ያለምወርቅ መቸም ትጠፋሽ አይመስለኝም። የይታያል ሚስት፣ የአይሱዙ ሹፌሩ፣ ነፍሱን ይማር። እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የደብረ ማርቆስን ሰው እድፍ እያጠበች ነው ልጆቿን ያሳደገች። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሱሪ በይው፣ የሁለት ፔንሲዮን አንሶላ በይው፣ የቄስ ጋቢ፣ የሙሽራ ቬሎ ሳይቀር። በበጋ ውትርን ወንዝ ትወርዳለች፤ በክረምት ከደጇ። መቸም ትልቅ አንሶላ ለመጭመቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይዞ ነው እሚጠመዘዝ። እሷ አንዱን ጫፍ ካጥሩ ባሕር ዛፍ ታስረውና ብቻዋን ትጠመዝዘዋለች። ባሕር ዛፉን «ልጄ» ትለዋለች፣ ለሳቅ ብላ። «ልጄ፣ ጠበቅ አርገህ ያዝ» ስትለው ስንት ቀን ሰምቻታለሁ።

የወለደቻቸው ልጆችማ አሏት። መሳፍንት ዐሥራ አራት ነው፤ እሱ ስልክ ካልያዘ ይታዘዛል። ለአንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ደግሞ እሚያውቀውን ሁሉ ይነግረኛል፣ ልጁ ጨዋ ነው። ትሕትና ዐሥራ ሰባት። ቆንጆ ናት፣ ትምህርቱንም አልነፈጋት። ነገር ግን እናቷን ሳፋ ተሸክማ ካየች መንገድ ትቀይራለች። አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ እናት በዚህ መጣች፣ ልጅ ከጓደኞቿ ጋራ በዚያ መጣች። ልጅቱ ስልኳን አውጥታ እንደሚያወራ ሰው ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዞረች። ማንም አልደወለላት። ያለምወርቅም አይታታለች። ላንድ ሰው አልተነፈሰችም፤ ለእኔም ቢሆን። እኔ እንኳ ያወቅሁ፣ ስታያት አይቻት ነው።

ከሰኔ ወዲህ ትሕትና ልብሷን በግማሽ ወደ አክስቷ ቤት አግዛለች። አክስቷ እየሩስ ናት፣ የይታያል እህት፣ ያች ከቴሌው አጠገብ ፀጉር ቤት የከፈተችው። ሰድር የተነጠፈ ቤት አላት፣ ልጅ የላትም። «ለመስከረም እኔ ዘንድ ትግባ፤ ንጹሕ ቤት ትልመድ» አለቻት። ንጹሕ ቤት፣ ላጣቢ ሰው። ያለምወርቅ «እናያለን» አለች። ልጅቱ መስከረም ላይ ልትወጣባት ነው።

እንዲህ ባለው መኻል ነው ዕጣው የወጣላት። የሳሙናው ፋብሪካ የሳሙና ወረቀት ሰብስባችሁ ላኩ፣ በዕጣ ዛንዚባር እሚባል ደሴት ወስደን እናዝናናችኋለን አለ። ሌላው ሰው ዐሥር ሃያ ወረቀት ሲልክ ያለምወርቅ ሦስት ጆንያ ላከች። የዓመት ሥራዋ ነው። ዕጣው ባይወጣላት ነበር እሚገርም።

ላራት ሰው ነው የተባለ። ነገሩን ስሰማ ነጠላዬን አውጥቼ አሳጠብሁ፤ እሷው ናት ያጠበችልኝ። ግን አራተኛዋን እየሩስን አደረገች። «እንግሊዝኛ ትሞክራለች፣ እማማ» አለችኝ። እኔም ጸሎት እሞክራለሁ ልላት ብየ ተውሁት።

ዕሮብ ለት ጌቱ እሚባለው የፋብሪካው ልጅ ደወለ። ሦስት ማረፊያ አለ፣ ፎቶውን በስልክ ልኬያለሁ፣ እስከ ዓርብ አንዱን ምረጡ አለ። ፎቶው የመጣ በየሩስ ስልክ ነው፤ እሷ ናት ትልቅ ስልክ ያላት። ለዚህ ነው በዝናብ የመጣች።

የመጀመሪያው መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ነበር። ውኃው ሰማያዊ፣ ዙሪያው ወንበር። ትሕትና ሌላውን ሳታይ «ይኼ ነው» አለች። ለጓደኞቿ ልካው ኑራለች ለካ፣ እዚህ ነው እምናርፍ ብላ።

ያለምወርቅ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «አልጋውን አሳዩኝ» አለች።

«እማ፣ መጀመሪያ ገንዳውን እዪው እንጂ።»

«ገንዳው ላይ አልተኛ።»

አልጋው መጣ። ፎጣውን ጠምዝዘው ሁለት ዳክዬ አድርገው አፍ ላፍ አጋጥመዋቸዋል፤ አንሶላው ላይ ቀይ አበባ በትነዋል። እየሩስ «ኧረ ሲያምር» አለች።

«ፎጣው ለምንድን ነው ዳክዬ የሆነ?» አለች ያለምወርቅ።

«ለውበት ነዋ።»

«የፎጣ ውበቱ ሲዘረጋ ነው። እድፉ አልለቅ ያለኝን የፔንሲዮን ፎጣ እንዴት አርጌ እንደማጥፈው ላሳይሽ? አበባም እንደዚያው ነው። ንጹሕ አንሶላ ላይ ምን ሲደረግ ቅጠል ይበተናል?»

«ያለም ሙች፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዥያለሽ።»

«መሳፍንት፣ እስቲ ያንን ጥጉን አስፋው። ፍራሹ ከንጨቱ እሚገናኝበትን።»

ልጁ በሁለት ጣቱ ቢያሰፋው የፍራሹ ስፌት ላይ ጥቁር ነጥብ ነጥብ፣ ልክ እንደ ቁንዶ በርበሬ። እየሩስ «ስልኬ ቆሽሾ ነው» ብላ ነጠቀችና በሻሿ ወለወለችው። ነጥቡ አለ። እፍ ብላ ደግማ ወለወለችው። አሁንም አለ።

«ትኋን ነው» አለች ያለምወርቅ። «ስፌት ስፌቱን ነው እሚሄድ። ስንቱን ቀቅያለሁ።»

«በውጭ አገር ሆቴል ትኋን?»

«ትኋን ፓስፖርት አይጠየቅ።»

መሳፍንት ሳቀ። ትሕትና አልሳቀችም።

ሁለተኛው ከተማው ውስጥ ያለ ፎቅ ነው፤ ግድግዳ ከግድግዳ የተጣበቀ፣ አራት አልጋ ባንድ ክፍል። ያለምወርቅ ባንድ ዓይኗ አይታ «ፀሐይ አይገባው» አለችና አሳለፈችው።

ሦስተኛው የአንዲት ባልቴት ቤት ነው፣ ዙሁራ የምትባል፣ ባሕሩ ዳር። ግድግዳው ኖራ፣ ገንዳ የለው፣ ፎጣው ፎጣ ነው። ዋይፋዩም አንዳንዴ ይመጣል ነው እሚለው ጽሑፉ። ያለምወርቅ አልጋውን አየች፣ በሮቹን ቆጠረች፣ ከዚያ ከፎቶው ጥግ አንድ ነገር አየችና ዓይኗን አጠበበች። ካንድ ዛፍ ኋላ የልብስ ማስጫ ገመድ ትንሽ ታይቷል።

«ይኼን ገመድ አቅርቦ እሚያሳየኝ እፈልጋለሁ» አለች።

እንግዲህ እየሩስ ሰው አንሶላ ለማየት ነው እንዴ ያለች ያኔ ነው፣ ጃንጥላዋን አንስታ ልትወጣ ስትል። እሷስ መናገሯ ልማዷ ነው። ትሕትና ግን ምን አለች መሰለሽ። ይችን ቀስ ብየ ልንገርሽ።

«እማ፣ አንቺ ካንሶላ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» አለቻት።

እኔ ሽምብራዬን መቆርጠሜን አቆምሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል። ክረምት አይደል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሰው ልብስ ተሰጥቷል፤ እርጥብ ሱሪ ከአናታቸው በላይ ይንጠባጠባል። ልጆቹ ዘጠኝ ክረምት ከዚያ ሥር ነው የተኙ።

«ምንም አላውቅ» አለች ያለምወርቅ። ድምጿ እንኳ አልተለወጠም። «እማውቅ አንሶላ ነው። በማውቀው እመርጣለሁ።»

«ከተሳሳትሽስ?»

«ከተሳሳትሁ መስከረም ላይ እየሩስ ዘንድ ግቢ። ሻንጣሽን ራሴ ተሸክሜ አደርስሻለሁ። አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣ።»

«ካልተሳሳትሽስ?» አላት መሳፍንት።

«ያኔ እኅትህ ታውቃለች።»

ዓርብ ለት ጌቱ በየሩስ ስልክ ሲደውል ያለምወርቅ «ያችን ሴትዮ በስልክ አሳየኝ» አለችው።

«ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ክፍሉን ላሳይዎት?»

«ክፍሉን አይቻለሁ። የልብስ ማስጫዋን።»

ልጁ መቸም ያሳደጉት ነው፣ አልሳቀባትም። ደዋወለና አገናኛቸው። ዙሁራ ደልደል ያለች፣ ባለ አበባ ጨርቅ ያገለደመች ሴት ናት። ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ያለምወርቅ ከማርቆስ ጭቃ ላይ ቁጭ ብላ የሰው አገር ጓሮ ታያለች። አንሶላው በጠርዙ ተሰቅሏል፣ ገመዱን ያለፈው አንድ ጋት ብቻ ነው፤ መኻሉ ላይ ከታጠፈ የገመድ መስመር ያወጣል። የትራሱ ልብስ አፉ ወደታች ነው። ነጩ ለብቻው፣ ቀለም ያለው ጥላ ሥር፣ ፀሐይ እንዳይመጠው ተገልብጦ። ዙሁራ ደግሞ እያሳየች ሳለ አንዱ ጫፍ ተዛንፎ አይታ በግራ እጇ አቃናችው፤ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል፣ እጇ ለምዶ።

«በቃ፣ እሷ ዘንድ ነን» አለች ያለምወርቅ። «ይች ሴት ማንም በማያይበት የምትሠራ ናት።»

ያንን ብቻ ብላ አላበቃችም። ለእኔ ማታ ጨው ልትበደረኝ መጥታ የነገረችኝ አለ። «እማማ፣ በሮቹን ቆጥሬያለሁ» አለችኝ። «ልጅ ዐሥራ ሰባት ሲሆነው ከቀለብ ይልቅ በር ነው እሚርበው። ያ ቤት ለያንዳንዳችን በር አለው። የማድ ቤቱ መስኮት ደግሞ ወደ ባሕሩ ያያል፤ መሳፍንትን ሳልጠራው አየዋለሁ።» እኔ ደግሞ ጨዋታ ቀለል ላርግ ብየ፣ «ገንዳውስ?» ብላት፣ «ባሕር አጠገብ ገንዳ፣ ሠርግ ቤት በር ላይ ስንቅ መፍታት ነው» አለችኝ።

ፍልሰታ ሳይገባ ነው የሄዱት። ከደምበጫም አንድ ባለ ዕጣ ነበር፣ ዘመነ እሚባል የበርበሬ ነጋዴ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ እሚገባ፤ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ባንድ አውሮፕላን ሄዱ። እሱ ገንዳ ያለውን ነበር የመረጠ።

ዙሁራ ቤት ሲደርሱ እየሩስ በር ላይ ቁማ ቀረች። ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፣ በሩ ላይ ፍየል ታስሯል። «ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርነው? ፍየል እኛስ አገር ጠፍቶ ነው?» አለች። ያን ጊዜ ደግሞ መብራቱ ድርግም አለ። እየሩስ ሻንጣዋን መለሰችና «እኔ ከነዘመነ ጋራ ነኝ። ትሕትና፣ ነይ እንሂድ» አለች።

ያለምወርቅ አልለመነቻትም። መሳፍንት እንደነገረኝ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ አይወጣ ብላ የለ። ልጅቱ ቦርሳዋን አንግታ መኻል ላይ ቁማለች። ዙሁራ ምንም አልገባትም፤ ወይም እኔ እንደምጠረጥረው ሁሉም ገብቷታል። ብቻ መጣችና የትሕትናን እጅ ገልጣ አንዲት ቁልፍ አስጨበጠቻት፤ ጥግ ላይ ያለችውን በር ጠቆመቻት። ልጅቱ ሂዳ ከፈተች፣ ገባች፣ ዘጋች። ከውስጥ ቆለፈች። ደግማ ከፈተች፣ ደግማ ቆለፈች። ባሥራ ሰባት ዓመቷ የራሷን በር ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው። ብቅ ብላ «አክስቴ፣ ላንድ ቀን ልሞክረው» አለች፤ እየሩስ ብቻዋን ከነዘመነ ሆቴል ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ አልፎ አልተነሣችም። ለምሳ ሲጠሩዋት አንሶላውን እንደ ጋቢ ተከናንባ ወጣች። ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል አሉ። እኛ አገር በሐምሌ የታጠበ ልብስ ጭስ ጭስ ነው እሚሸት፤ ታውቂው የለ። እናቷን ቀና ብላ ሳታይ ምን አለች፣ «ዛሬ አንሶላ ይቀይራሉ እንዴ? ይኼ ባይቀየርብኝ።» ያለምወርቅ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አላቆመችም። «እነግራታለሁ» አለች።

መሳፍንት ደግሞ ያ ባሕር አስደንቆት ሊሞት ነው። ጧት ይሄዳል፣ ከሰዓት ይመለሳል ይለኛል፣ እንደ ከብት። ውኃው ሲሄድ አሸዋው ሜዳ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ካገሩ ልጆች ጋራ ኳስ ሲጫወት ውሎ ባሕሩ ሲመጣ አብረው ይገባሉ። እናቱ ከማድ ቤቱ መስኮት ታየዋለች።

በሦስተኛው ቀን እየሩስ መጣች። በዚያ ሙቀት ሻሿን እስከ አገጯ ጠምጥማ፣ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባ። «ልጠይቃችሁ ነው» አለች። ተቀምጣ ግን መቀመጥ አልሆነላትም፤ ጀርባዋን ካምዱ ጋራ ታሻሻለች። ፍየሉ እንኳ እንደዚያ አይታሽም። ያለምወርቅ ሁሉን አይታለች። «ቀዝቅዞሽ ነው?» አለቻት። አይ ያለም፣ ይችን ክፋት ከእኔ ነው የተማረቻት።

ትንሽ ቆይቶ ዘመነ ደግሞ ከነሻንጣው፣ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ ከች አለ። አንገቱ እንደ በርበሬው ቀልቷል። «እትዬ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ እዚህ ቤት ጥግ ካለ» አላት። ያለምወርቅ የአጥሩን በር በእግሯ መለስ አደረገችው።

«አትለፉ። ሻንጣው ከውጭ ይቀመጥ። የለበሳችሁትን አውልቁ።»

«እዚህ መንገድ ላይ?»

«ካጥሩ ኋላ። ትኋኑን ይዛችሁብኝ ወደዚህ ቤት አትገቡም። የሰው አንሶላ ነው።»

ዙሁራ ነገሩን አይታ ገባችና የሠርግ የምታህል ድስት አወጣች። ባንድ ቋንቋ አይነጋገሩ፣ ባንድ ዓይን ይነጋገራሉ። ያለምወርቅ ወደ እሳቱ ስታይ ያች እንጨት ታመጣለች፤ ያች ውኃውን በጣቷ ስትነካ ያለምወርቅ ገና ነው ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። የዘመነን ሱሪ፣ የየሩስን ሻሽ፣ ሁሉን ቀቀሉት። እየሩስም ሻሿን ስትሰጥ አንገቷ ታየ። ምን ልበልሽ፣ በመስመር ነው የበላት፣ እንደ ዶቃ።

ልብሱ እስኪደርቅ ዙሁራ ባለ አበባ የሴት ጨርቅ አከፋፈለቻቸው። የደምበጫው ነጋዴ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት ሽርጥ አሸርጦ ኮኮናት ዛፍ ሥር ተቀመጠ። መሳፍንት ፎቶ አንስቶታል፤ ላሳይሽ እችላለሁ፣ ቆሎ ካለሽ።

ዘመነ ታዲያ እያከከ ጠየቀ፣ «እኔ እምለው፣ እናንተ ከማርቆስ ሁናችሁ እንዴት አወቃችሁት?» እየሩስ አንገቷን ደፋች። ያለምወርቅም እሳቱን ትቆሰቁሳለች። የመለሰች ማን ናት? ትሕትና።

«እናቴ ከፎቶው ላይ አይታዋለች» አለች። «እኛ ስልኩን ስንወለውል እሷ አይታው ነበር። አጣቢ ናት እኮ። በማርቆስ እንደሷ አንሶላ እሚያውቅ የለም።»

አጣቢ ናት አለች፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብላ። ያች ጆሮዋ ላይ ባዶ ስልክ ለጥፋ የዞረችው። ያለምወርቅ ጭሱ ዓይኔን ገባ ብላ ፊቷን ጠረገች አሉ። መሳፍንት ጭሱ በሌላ በኩል ነበር ይላል።

መስከረም ገባ፣ ሻንጣ የተሸከመ ሰው አላየሁም። እንዲያውም እየሩስ ዘንድ የነበረው የትሕትና ልብስ በፌስታል በፌስታል ተመለሰ። ሁለቱ ፔንሲዮኖች አሁን ፍራሽ ሲገዙ ያለምወርቅን ሳያሳዩ አይከፍሉም። ዘመነ በየወሩ በርበሬ ይልካል፤ ለእኔም ታቀምሰኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ እናትና ልጅ አንዱን ሳፋ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያልፉ አየሁ። ጓደኞቿ ቁመዋል። ልጅቱ «እንዴት ናችሁ» ብላቸው አለፈች፣ ሳፋውን ሳትለቅ።

አሁን አንዲት ነገር ዘልየብሻለሁ። ሞት ይርሳኝ። ያለምወርቅ ለማንም እንዳትነግሪ ብላኛለች፤ አንቺ ማንም አይደለሽም።

የመጨረሻዋ ቀን ጌቱ ካሜራውን ይዞ መጣ። ፋብሪካው ዕጣውን ያወጣ ለዚህ ነዋ፤ ባለ ዕጣዋ ባሕሩ ዳር በሳሙናቸው ስታጥብ አገር ሊያይ ነው። ያለምወርቅ አዲስ ቀሚስ ለበሰች። ነጭ አንሶላ ከዙሁራ ተበደረች። አዲስ ሳሙና ከነወረቀቱ ሰጧት፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው፣ ልማድ ነው። እስከ ጉልበቷ ባሕሩ ገባችና ማሸት ጀመረች።

አረፋ የለም። አሸች። የለም። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ በጉልበቷ አሸች። ሳሙናው እንደ አይብ እየተቆራረሰ ይቀራል እንጂ ጠብ አይል። ጌቱ እየቀረጸ ነው፤ ነጋዴው ዘመነ፣ ሚስቱ፣ ያገሩ ልጆች ሁሉ ቁመው ያያሉ። ጨው ውኃ ሳሙና እንደማይቀበል ማን ይንገራት? እኛ ጨው ከሱቅ እንጂ ከባሕር አናውቅ። ዙሁራ ከዳር ሁና ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ንጹሕ ውኃ በባልዲ ይዛ፣ ለመናገር ትንፋሽ አጥታ።

ትሕትና ነች ገብታ የደረሰችላት። ከነቀሚሷ ገባች፣ ያንሶላውን አንድ ጫፍ ያዘች፣ «እማ፣ ይኼ ጨው ነው፤ እንጭመቀውና እንውጣ» አለች። እሷ ወዲያ፣ እናቷ ወዲህ ጠመዘዙት። ያለምወርቅ እንደ ልማዷ «ልጄ፣ ጠበቅ አርገሽ ያዢ» ስትል ይሰማል፣ ቪዲዮው ላይ አለ። ፋብሪካው በቴሌቪዥን ያሳየው እሱን ብቻ ነው፤ ስንቱ ሴት አይቶ አልቅሷል።

የቀረውን ጌቱ ቆርጦ ጥሎታል። መሳፍንት ግን በስልኩ ቀርጾት ኑሯል፤ ያለምወርቅ ቅዳሴ ስትሄድ እየመጣ ያሳየኛል። ልጅቱ ሳትገባ በፊት ነው። ያለምወርቅ ባሕሩ መኻል ቁማ፣ የተቆራረሰውን ሳሙና በመዳፏ ይዛ፣ ካሜራውን ትክ ብላ አይታ፣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምን ትላለች፣ «ይኼ ሳሙና አይደለም። አታላችሁኛል፤ ሦስት ጆንያ ወረቀቴን መልሱልኝ።»